እስኪረጋ

እሳት አይነካውም፤ ይኸው ነው ነገሩ።
ከዚራ ላይ፣ በግንቦት፣ ሲንቀለቀል አየሩ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ውሻ ጥላ ሲቀማ፣
«ማን ምድጃ ይለኩሳል?» ትል ነበር እማማ።

ዱቄቱ ከጅቡቲ ነው፣ በሌሊቱ ባቡር፤
በኢፍቱ ቀሚስ ሥር ኬላውን ሲሻገር
ካርቶኑ ላይ ያለችው ፈረንጅ ትስቃለች፤
የት ተደብቃ እንደመጣች እሷው ታውቃለች።

አናናሱ የቆርቆሮ፤ ብርቱካኑ የኤረር፤
ማንጎው ከጓሯችን፣ ወፍ ቀድማ የቀመሰችው
(የወፏን ድርሻ በቢላ ቆርጣ
አጥሩ ላይ ታስቀምጥላት ነበር)።
«ሙዙ መጨረሻ» ትላለች። «ሙዝ እንደ ሰው ነው፤
ገላው ተገልጦ ሲቆይ ይጠቁራል።»
ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ፣ በሹካ፣
ወደ ቀኝ ብቻ።
ክንዴ ዝሎ ወደ ግራ ካዞርኩ፣
ከጓዳ ሆና፣ ሳታየኝ፦
«ይቋጠራል አልኩሽ!»

ከዚያ በረዶ፤ በሰጋቱራና በጆንያ ተጠቅልሎ
ሁሴን በጋሪ ያደርሰዋል፣ ግማሹን ለመንገዱ ከፍሎ።
ሳህኑ በላዩ ይቀመጣል፤
እኛም እንቀመጣለን፣
እስኪረጋ።

የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይላል ሰው።
እናቴ ቅቤ አልፈለገችም፤
መርጋቱ ነበር የራቃት።
ባሏ ፍሬን ያዥ ነው፤
ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን ደወሌ፣
ሌላውን ቀን እሱ ያውቃል።
ሳህኑን በጣቷ ነካ ታደርግና
«ገና ነው» ትላለች።
ስለ የቱ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

በዓመት አንዴ የምድር ባቡር ሰዎች
ከድሬዳዋ ዛፉ ሥር ሲሰበሰቡ
ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይመጣል፦
ሩማን ሁልበት መረቋን፣
ሐዋ ሳምቡሳ፣ ገና ዘይቱ ሳይደርቅ፣
ሙሴ ሲራክ
ማንኪያውን ብቻ፣ በደረት ኪሱ።

ዘንድሮ ሳህኑ የእኔ ነው።
አሮጌው ባቡር ቀርቷል፤
ካርቶኑን ታይዋን ወርጄ ገዛሁት፣
ፈረንጇም ተቀይራለች፣ የአሁኗ አትስቅም።
ፍሪጅ አለኝ አይደል? ኮርቼ ከተትኩት።
ሌሊቱን መብራት ሄደ።
ጠዋት ክዳኑን ባነሳው
ፍሬው ይዋኛል።

ቢሆንም ወሰድኩት። በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ፣
በየጉድጓዱ ትንሽ ለነጠላዬ፣ ትንሽ ለመንገዱ፣
እንደ ሁሴን በረዶ።

«አልረጋም» አልኩ ማንም ሳይጠይቀኝ። «መብራት...»
«አቦ ተይ!» አለች ሐዋ፤ ብርጭቆ ደረደረች።
ሙሴ ሲራክ ዓይኑ ከደከመ ሰንብቷል፤
ማንኪያውን አወጣ፣ ሳህኑ ውስጥ አማሰለ፣
ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰው።
በብርጭቆ ጠጣ። ጢሙ ቢጫ ሆነ።
«የስህን እጅ ነው» አለ።
«የእሷማ ይረጋ ነበር» አልኩት።
«መቼ?» አለና ሳቀ፣ ጥርስ በሌለው ሳቅ፤
«ሠላሳ ዓመት የጠጣሁት ምን ነበር ታዲያ?
ማንኪያዬን በየዓመቱ የማመጣው
በተስፋ ነው እኮ፣ ልጄ።»

ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁለት።

ማታ ሳህኔ ባዶውን አልተመለሰም፤
አራት ሳምቡሳ፣
በጋዜጣ የተቋጠረ እፍኝ አብሽ፣
ከንፈሩ ላይ ደግሞ፣ ማንም ያልጠረጋት፣
አንዲት ቢጫ ጠብታ።
በጣቴ ነካ አደረግኋት።
እሷ ረግታለች።