ከደረጃው አናት

ዝናብ አይጠግብም ሸለቆው፣ ሮንዳ ነው የእኛ አገር፤
«ሰባራው ፋኖስ» ይባላል፣ ቢራ የምቀዳበት በር።
ከላይ ሳቅ አለ፣ ጫጫታ፣ የዳርት ውርወራ፤
ከታች፣ ከአሥራ ሦስት ደረጃ በታች፣ ቅዝቃዜና በርሜል፣
በጋዝ ተገፍቶ በቱቦ ሽቅብ የሚወጣ ቢራ።

ገፊው አይታይም።
ግራጫ ሲሊንደር ውስጥ ተጨቁኖ ያድራል፤
በሰንሰለት ከግድግዳ ታስሮ፣ እንደ ጥፋተኛ ቆሞ ያነጋል።
የብርጭቆን አናት ነጭ ዘውድ የሚያስደፋው፣
ምላስ ላይ የሚፈነዳው፣ እሱ ነው።
ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤
ካመለጠ ግን፣ ወለሉን እንደ ውኃ ሞልቶ የሚተኛ ነው።

ሜርቪን ነው ያስተማረኝ፣ የመጠጥ ቤቱ ጌታ፤
የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ በሳል የሚጀምር ሰላምታ።
«ዬስቲን፣ አታንከባለው፤ ጋሪው ምን ሊሠራ ቆመ?
አንገቱ የተሰበረ ሲሊንደር ግንብ ይበሳል፤
ይኸው ቀዳዳው፤ ተለሰነ እንጂ መች ታከመ?
ሳትዘጋ አትፍታ፤ ስትገጥም የጎማ ቀለበቷን እያት፤
ጆሮህን አትመን፣ የሳሙና አረፋ ቀባት።
አባቴ ጉድጓድ ውስጥ 'ጥቁር ትንፋሽ' ይሉት ነበር፤
ፋኖሱ ከጉልበት በታች ሲጠፋ ያዩት ነበር።
ይቺን ቢጫ ደወልም ከጉልበቴ ትይዩ የሰቀልኳት ለዚህ ነው፤
ሰው ሳይሰማ፣ መሬት ትስማው ብዬ ነው።»

ማክሰኞ የጥያቄና መልስ ማታ ነው፤ ቤቱ ጢም ብሏል።
ዴሊዝ «የትኛው ወንዝ ነው...» ብላ ገና ስትጀምር፣
ከታች፦ ጢው። ጢው። ጢው።
ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ድመቷን አብሏት» አለ፣ ተሳቀ።
እኔ ወረድኩ።
ጭንቅላቴን ትንሽ ከበደኝ፤ ደረጃው ነው አልኩ።
ባትሪዋን አወጣሁ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ «ነገ አየዋለሁ» አልኩ።
ነገ ግን ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ እረፍቴ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሜርቪን በርሜል ሊቀይር ወረደ።
ጠራሁት።
ከደረጃው አናት የጫማውን ሶል አየሁ፣
ወደ እኔ የዞረ፣ ጭቃው ያልደረቀ።
የሲሊንደሩ አንገት በረዶ ለብሷል፤
የሆነ ነገር ጥርሱን ነክሶ ይተነፍሳል።

እግሬ አንድ ደረጃ ወረደ። ሁለት።
በጆሮዬ የእሱ ድምፅ፦
«የወደቀ ብታይ፣ እኔም ብሆን፣ አትውረድ፤ ይብቃን አንድ ሬሳ፤
ሁለተኛውን ማን ወርዶ ሊያነሳ?»

ተመለስኩ።
በርሜል የሚወርድበትን የመንገድ መዝጊያ ረግጬ ከፈትኩ፤
«ጋዝ ነው፣ ምድር ቤት ነው፣ ጭንብል ያላችሁ ኑ» ብዬ ደወልኩ፤
ዴሊዝን ወገቧን ይዤ አስቀረሁ። ባሏ ነው። ነከሰችኝ።
ጠባሳው እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ።
ሰባት ደቂቃ ነበር፤
ለእሷ ግን ዘመን ነበር።
ጭንብል ያጠለቁት ወርደው አወጡት፤
ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ዝናቡ ላይ አስተኙት።
ሳለ።
እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ሳል ሰምቼ አላውቅም።

አሁንም አሉ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያሙኝ፤
«ጌታው ሲወድቅ ከላይ ቆሞ ያየ» የሚሉኝ።
ሌሎች ቢራ ይገዙልኛል፤ «ብልህ ልጅ» ይላሉ።
ሁለቱም ወገን ስተዋል።
መቆሜ አይደለም እንቅልፍ የሚነሳኝ፤
ኪሴ ውስጥ ናት የእኔ ነገር፣
ከሳንቲም ጋር ስትጋጭ ጢው ያለች የምትመስለኝ።

ለሜርቪን ነገርኩት፣ በሆስፒታሉ አልጋ።
መስኮቱን አየ። ብዙ ዝም አለ።
«እንግዲህ አንተው ስቀላት» አለ፣
«ከጉልበትህ ትይዩ። የእኔ ጉልበት ሰነፈ።»

ዛሬ ኔሪስ የምትባል አዲስ ልጅ ገባች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።
ከመክፈታችን በፊት ማራገቢያውን አስነሳሁ፣
ጠበቅን፣ ከዚያ ይዣት ወረድኩ።
ሰንሰለቱን አሳየኋት፣ ጋሪውን፣ የተለሰነውን ቀዳዳ፤
ተንበርክኬ ደወሏን ሞከርኩ።
ጢው።
ኔሪስ ጆሮዋን ያዘች፤ «ኧረ ታስጠላለች!» አለች።
«ታስጠላ» አልኳት።
«ታስጠላ።»