የዱቤ ደብተር

አዘዞ፣ መንገድ ዳር፣ ከካምፑ አጥር ማዶ፣
ከወርቅያንጥፉ በር በርሜል አለ በርዶ፤
ሃያ ዓመት ጥንስሱ ሲፈላበት ከርሞ
ዛሬ አፈር ጠጥቶ ጎመን ይዟል ደግሞ።

እኔን ታውቀኛለች።
«ሃምሳ አለቃ ቢያድግልኝ» ብላ፣ ከነማዕረጌ፣
በደብተሯ ይዛኛለች፤
ከስሜ ጎን ጭረት፣ ከጭረት ጎን ጭረት፣
እንደ እሾህ ሽቦ አጥር፤
አንዷ ጭረት ያኔ አንድ መለኪያ ነበር።

አዳሬ ፒያሳ፣ ከጣሊያን ፎቅ በረንዳ፣
ካርቶን የኔ ጎጆ፣ ጆንያ የኔ ጓዳ።
ምሽግ የለመደ ተጋድሞ አይተኛ፤
ጀርባዬን ለግንቡ፣ እንደ ዘብ ተረኛ፣
ጫማዬን ሳልፈታ፣
ማንም የማይመጣበትን መንገድ ስጠብቅ ማታ።
አረቄ ሲወርድ ነው መድፉ ዝም የሚለው፤
ሲነጋ ግን ያው ነው፤
እንዲያውም ወለድ ጨምሮ ነው የሚተኩሰው።

አስማረ ሞተ፤ የመድፍ ምድብተኛ ጓዴ፣
ከቀሃ ድልድይ ሥር፣ በኅዳር ብርድ።
ኪሱ ሲፈተሽ
አንድ ኒሻን ወጣ፤ አንድ የበቆሎ ውታፍ።
ወርቅያንጥፉ ውታፉን አገላብጣ አየችው።
«የእኔ ነው» አለች፤ «በጄ የወተፍኩት።»
ሌላ አልተናገረች አፈር እስኪያለብሱት።

በሳምንቱ ቱቦው ለብረት ገዢ ተሸጠ፤
ጋኑ ተገለበጠ፤
ስድስት አልጋ ገባ፣ ሁለቱ በውሰት፤
በሩም በኖራ ተጻፈበት፦
«ጠርሙስ ውጭ ይደር። ሰው ይግባ።
ሦስት ሰዓት ይዘጋል።»

ገባሁ። አርባ ቀን ቆየሁ።
የጥምቀት ማግስት ሰክሬ መጣሁ፤
ከሦስት ሰዓት በኋላ፣
የተዘጋ በር እየደበደብሁ፣ ስሟን እየሰደብሁ።
አላባረረችኝም። አላቀፈችኝም።
ፍራሽ ከማድቤት፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጆግ ውሃ፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ
በእጅ ባትሪ ምስር እየለቀመች አጠገቤ አነጋች።
ከዚያ ደብተሩን አምጥታ ባዶ ገጽ ገለጠች፤
«ከአንድ እንጀምር» አለች።
አንድ ጭረት አሰመረች።

ዛሬ ስልሳ ሦስት ነው። ቀን ነው ጭረቱ፤
መለኪያው ያው መለኪያ፣ ተለወጠ እንጂ ይዘቱ።
ትናንት ማታ ጫማዬን ፈትቼ ተኛሁ፤
አንዱን እግር ብቻ። ሌላው ገና ነው።

የድሮውን ገጽ ግን አልቀደደችውም።
«ዕዳዬን መቼ ልክፈል?» ብዬ ብጠይቃት፣
ጎመኗን እያጠጣች፣ ቀና ሳትል፣
«እሱ የኔ ዕዳ ነው» አለች፤
«እየከፈልኩ ነው።»