መዝጊያው ይቀድማል

አራት ኪሎ፣ ከግቢው መጨረሻ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ምድጃ አለ፤ ጭስ የለው፣ ነበልባሉ አይታይ።
ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል፤
የስንዱ ፕሮግራም በየሰከንዱ «እንዴት ነህ?» ይለዋል።

ኮዱን ስትጀምር አቶ አጥናፉ ከኋላዋ ቆመው፣
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣
«ከመክፈቻው በፊት» አሏት «መዝጊያውን ጻፊ፤
እዚህ ሰፈር መብራት ሳይሰናበት ነው አላፊ።»

ሳቀች። ግን ጻፈች፦
የሙቀት መለኪያው ቢያብድ፣ ተማሪ ተቻኩሎ
«አቁም»ን ቢጫን፣ ሥራው ከመሃል ቢቀር ተንጠልጥሎ፣
ማሞቂያው ይጥፋ።
ቮልቴጁ ግን በአንዴ አይውደቅ፤
ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው፣ ደረጃ በደረጃ፣
እስከ ዜሮ ይዝለቅ።
የጋዙ ቧንቧ ይዘጋ፤ የሌዘሩ ዐይን ይከደንና፣
ሌላ «አቁም» ቢመጣ ይህ እስኪያልቅ ደጅ ይጥና።

የመጨረሻዋን መስመር ያስጻፏት እሳቸው ናቸው፦
«ጠርገሽ ስታበቂ ስህተቱን እንዳትደብቂው፤
ስሙን ጠርተሽ፣ ሰዓቱን ጽፈሽ፣ ለበላዩ አቀብዪው።»

ረቡዕ ዕለት ፊውዝ ሊገዙ ወደ ፒያሳ ወጡ፤
ከድልድዩ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ፣ ልባቸው ቆመ። አልመጡ።
መሣቢያቸው ሲከፈት ሁሉም ተዘግቶ ነበር፦
የሻይ ቤት ዕዳ፣ በፖስታ፣ ሰማንያ ስድስት ብር፤
የፓምፑ ዘይት መቀየሪያ ቀን በእጅ ጽሑፋቸው፤
ቁልፎቹ በክር ታስረው፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው።

ዛሬ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ ድርግም፤
የታክሲው ረዳት ከታች «ፒያሳ! ፒያሳ!» ማለቱን ግን አላቆመም።
ባትሪው ሁለቴ ጮኸ። ስንዱ እጇን ከቁልፎቹ አነሣች፤
በጨለማው ድምፆቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፦
ቀጭ፣ ማሞቂያው። ቀጭ፣ ቧንቧው። ከዚያ ረጅም ዝምታ፤
ቮልቴጁ ደረጃውን ይወርዳል፣ በእርጋታ፣ በእርጋታ።
የሌዘሩ ክዳን። ስክሪኑ ላይ፦
«2:07። ኃይል ተቋረጠ። ናሙናው ተበላሽቷል። ምድጃው ደህና ነው።»
የሦስት ሳምንት ሥራ። ማንን ይቆጡታል? እንዲህ ነው።

መብራቱ ሲመለስ ምድጃው አልነቃም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል።
አቶ አጥናፉ ግን አንዲት ነገር ሳይዘጉ ሄደዋል፦
ጥግ ያለችው ራዲዮ፣ ብልጭ ባለ ቁጥር፣
ከዓረፍተ ነገር መሃል ነው የምትጀምር።
«…ነገ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ…» አለች።
ስንዱ ማጥፊያዋ የት እንዳለ ታውቃለች።
ወንበሯን ወደ ጥጉ አዞረች።