ወጪ ደብዳቤ

ማክሰኞ ማለዳ፣ አዌቱ ሞልቶ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ስልኩ ይጮህ ጀመር፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ በተራ።
«ደብዳቤው አልመጣም» አለች ሙስተሪያ፣ ከገበያ ጫጫታ፣
«የይለፍ ቃሌ ጠፍቶኝ፣ ላኩልኝ እያልሁ ሦስት ቀን ሦስት ማታ።
ትምህርቱ ከውስጥ ነው፣ እኔ ቆሜ ከደጅ፤
ፈተናው ሐሙስ ነው፣ እባክህ የሰው ልጅ!»

በርጩማዬን ሳብሁ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ባለ ሦስት እግር
(የመንግሥት ወንበሩ ከተሰበረ ወዲህ እሱ ነው የኔ ክብር)።
እንደ ወጌሻ ቅንብሩን ዳሰስሁት በጣቴ፤
«እዚህ ጋ ያምሃል? እዚህስ?» ስል ሻዩ ቀዘቀዘ ከፊቴ።

የላኪው ሰርቨር ስም፦ ልክ ነው።
የበሩ ቁጥር፦ ሃያ አምስት ነበረ፣ አምና ተዘግቶብን
አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት አደረግን።
ምስጠራው፦ በርቷል።
ለራሴ ጻፍሁና ላክሁ፦ «ሰላም ነው? ይህ ይደርሳል?»

አልደረሰም።

ደግሜ ላክሁ። መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ አጓራ፣ መብራት መጣ።
ሦስተኛ ላክሁ። ከኔ ወደ ኔ፣ ክንድ የማይሞላ መንገድ፣ ቃሌ ግን አልወጣ።

መዝገቡን ከፈትሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ተደርድራ፣
«ላኪው አይታወቅም» ትላለች፣ ሳትደክም፣ ሳትራራ።
ማነው የማይታወቅ? ብዬ ስሙን ባየው፣
የጋሽ ምናሴ ነው።

ኬብሉን በጣሪያ፣ በሆዱ ተስቦ፣ እየሳለ የዘረጋው፣
መድረኩ ሲከፈት ላኪ ስም ቢጠፋ የራሱን ያዋሰው።
«ለጊዜው ነው» ብሎን ነበር። ስምንት ዓመት ሆነው።
ሰኔ ላይ ቀበርነው።
የሰው ሀብት ክፍሉ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ደንቡን አክብሮ፣
በአርባው ሰሞን ዘጋው፣ ስሙን ሰርዞ፣ ማኅተም አኑሮ።
ለካ ያ ሁሉ ውጤት፣ ያ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ»፣ ያ ሁሉ ማስታወሻ
በሱ አፍ ነበረ የሚወጣው፤ እኛ አላወቅንም እስከ መጨረሻ።

አዲስ ላኪ ከፈትሁ። የማንም ያልሆነ፣ የማይታመም ስም፤ «ትምህርት ክፍል» ተባለ።
ሙከራውን ላክሁት፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጥዝ አለ።

ወረፋው ግን አለ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደብዳቤ፣
እንደ ሐሙስ ገበያ የሚጋፋ አጠገቤ።
«ነገ ይዘጋል» የሚለውን፣ ከተዘጋ ሁለት ሳምንቱ፣ ሰረዝሁ፤
የሙስተሪያን መክፈቻ አድሼ ከሁሉ አስቀደምሁ።
«መጣ!» አለችና ዘጋችው።
ምስጋናም የለ፣ ደኅና ዋልም የለ። ደግ አደረገች፤ ጊዜዋ አጭር ነው።

ከታች፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ ቀረ። ሳይታመም የጻፈው፣
ለክረምት ተማሪ፣ በነሐሴ ይውጣ ብሎ ቀን የቆረጠለት፣ የሱ ነው፦
«ሦስተኛው ምዕራፍ ይከብዳል። አትፍሩት።
ያልገባው ካለ፣ ረቡዕ ቢሮዬ አለሁ። በሩን አንኳኩት።»

ጣቴ «ሰርዝ» ላይ ቆየ።
ከውጭ አንዲት ሴት የጠብታ ባልዲ ስትደፋ ሰማሁ።
ከዚያ ላክሁት። አንዲት ነጥብ ሳልነካ ላክሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ከዘበኛው ከአባ ራያ ተቀበልሁ፣
መስኮቱን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ።
ሦስተኛውን ምዕራፍ ማታ አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ነው፣ ይከብዳል።
ወንበሩ ላይ አልተቀመጥሁም፤
በርጩማዬን ከታች ተሸክሜ መጥቻለሁ።
በሩን ግን መልሼ ዘጋሁት፣
እንዲያንኳኩት።