ካስማ

ፋይሉ ሰኞ ጠዋት መጣ፣ በሰማያዊ ገመድ ታስሮ፣
ከለገሃር በላይ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ እንደቆመ ነው ዘንድሮ።
ርዕሱ፦ «በደንገዞ ጥብቅ ደን ቅንጡ የድንኳን ማረፊያ»፤
ሃያ አራት ድንኳን፣ ሃያ አራት ገንዳ፣ አንድ የፈረስ ማሠሪያ።

ስዕሉ ያምራል፤ አልዋሽም።
የሳለው ልጅ እጁ ለስላሳ ነው፣ ቀለም አያበዛም።
እያንዳንዱ ጥድ አንድ አረንጓዴ ክብ፣ ከሳንቲም የማይበልጥ፣
በክቡ መሃል ቀጭን ጭረት፣ ካላጎነበሱ የማይገለጥ፤
ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፦ «ነባር ዛፍ። ይነሣል።»
መቁጠር ጀመርኩ። መቶ አርባ ላይ ሻዬ በረደ።

ወይዘሮ ፀዳለ፣ ኃላፊዬ፣ በሩ ላይ ቆመው፦
«ምን ያቆይሻል አንቺ? ድንኳን እኮ ነው፤
መሠረት የለው፣ ግድግዳ የለው፣ ደንቡ ሕንፃ አይለው።
ጊዜያዊ በይውና ፈርሚ፤ ከሰዓት ሰውየው ይመጣል።»
ጊዜያዊ። ውሉን ገለጥኩት፤
ሠላሳ ዓመት ይላል።

ድንኳን ካሉኝ እኔ የማውቀው አንድ ድንኳን ነው፤
የእድራችን፣ ዝናብ ያጠቆረው፣ ጥጉ በሲባጎ የተሰፋው፣
የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጋሽ ዘርጋው ከአንገታቸው የማያወልቁት።
ባለፈው ወር እትዬ የሺመቤት ሲያርፉ
ካዛንቺስ፣ ከፍርስራሹ በተረፈችው ጫፍ፣ ተከልነው።
አፈር የት አለና? ካስማ አስፋልት አይበሳም፤
አራት ድንጋይ አንከባለልን፣
አንዱን ገመድ ከሚኒባስ መከላከያ ጋር አሰርን፤
ሾፌሩ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ሊቆምልን።

በሁለተኛው ቀን ደንብ አስከባሪው መጣ፦ «ፈቃድ አላችሁ?»
አለን። ከወረዳ። ባለ ክብ ማኅተም።
አየው፣ ገለበጠው፦
«ይኼ እስከ ትናንት ነው።»
ሴቶቹ እንደተቀመጡ ሸራው ከላያቸው ተነሣ፤
ፀሐይ ወረደችባቸው፤ አንዲትም ከአግዳሚው አልተነሣች።
ጋሽ ዘርጋው እያጠፉት፣ ለማንም ሳይሆን፦
«ድንኳን ማለት ሲነሣ ሣሩ የሚቃና ነው፤
ካልተቃና ሌላ ስም ፈልጉለት።»
እዚያ ሣር አልነበረም። ቢሆንም ተናገሩት።

ከፋይሉ ጀርባ፣ ተጣጥፋ የተሸጎጠች
የደብተር ቅጠል አገኘሁ፤ የደኑ ጠባቂ፣ ቱፋ፣ በእርሳስ የጻፋት፦
«ምንጩ ከሦስተኛው ገንዳ በታች ነው። ሲመሽ ድኩላ ይጠጣበታል።
መብራት ካለ አይመጣም። ሌላ ውኃ አያውቅም።
የምጽፈው ለደመወዜ አይደለም።»
ቁጥር የላትም፣ ማኅተም የላት፤ ማን እንዳስገባት አላወቅሁም።

ከዚያ ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ዝርዝር ንድፍ።
ካስማ፦ ጥልቀት አንድ ሜትር ከሃያ። ብረት ባለ አሥራ አራት።
ሙሌት፦ ኮንክሪት።
ደግሜ አነበብኩት። ኮንክሪት።
ለእያንዳንዱ ድንኳን አሥራ ስድስት፤
ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ጉድጓድ በጥድ ሥር መካከል፣
ሸራ ለማቆም! ሸራስ እኛም በአራት ድንጋይ አቁመናል።

ሰውየው ከሰዓት መጣ፤ ሮቤል ይባላል፣ ወጣት፣ ትሑት፦
«እህቴ፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው፤ እንግዳ ይፈራል» አለ።
አመንኩት። እውነቱን ነው፤ ነፋስ ያስፈራል።
«ሲነሣስ? ሣሩ ይቃናል?» አልኩት።
ያልሰማ መስሎ ስልኩን አየ።

«የባለሙያ አስተያየት» የምትባለው ሣጥን ጠባብ ናት፣ አንድ መስመር፤
ጻፍኩባት፦ «ሕንፃ ነው። ካስማው ይመስክር።»
ወይዘሮ ፀዳለ አነበቡት። የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ፤
ዘጉት።
ፋይሉ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ፤ እኔ ደረጃውን ወረድኩ።

ማታ በዚያች ጫፍ አለፍኩ።
አራቱ ድንጋዮች አሁንም ከአስፋልቱ ዳር አሉ፤
ያነሣቸው የለም። ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ።
አንዱን በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደረግኩት፤
ወዲያው ተንከባለለ።
ጎንበስ ብዬ፣ መልሼ ቦታው አስጠጋሁት።