ማስረጃ ቁጥር አራት

ድሬዳዋ፣ ግንቦት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤
የችሎቱ ማራገቢያ ከሦስት ክንፉ አንዱ የለበት፤
የቀሩት ሁለቱ ሙቀቱን ያማስላሉ
እንጂ አያበርዱም፤ ዳኛው አንገታቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።
ፊታቸው፣ ከመዝገቡ ጎን፣ አንድ ሃይላንድ ቆሟል፤
ክዳኑ በሰም፣ ወገቡ በወረቀት ታሽጓል።
«ማስረጃ ቁጥር አራት።»

የገንደ ለፍቶ ውሃ ነው፣ ከሙሚና ጉድጓድ፤
በጥቅምት አሥራ አንድ፣ ልክ ጎሕ ሲቀድ፣
ሦስት ሰው እያየ በእጄ የቀዳሁት።

ለፍቶ ግራር ነው አሉ፣ በሙሚና ቋንቋ።
በእኔ አፍ ሌላ ነው፦
ለፍቶ፣ ለፍቶ፣ ለፍቶ…
ማሠሪያ አንቀጽ ያጣ ዓረፍተ ነገር።
ሥራዬም ይኸው ነው፤ ለለፋ አንቀጽ መፈለግ፤
«ንጹሕና ጤናማ» የሚለውን አርባ አራተኛውን አውጥቶ
ከአንዲት ፍየል በድን ጋር ማሠር።

ስቀዳው ቀይ ነበር፣ ወደ ጥቁር ያዘነበለ፤
ከክር ማቅለሚያው ቱቦ ሌሊት ሌሊት የሚለቀቀውን የመሰለ።
ከዚያ ቀጠሮ።
መልስ ይቅረብ ተባለ፤ ቀጠሮ።
ዳኛ አልተሟላም፤ ቀጠሮ።
ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል፤ መብራት የለም፤ መዝገቡ ሌላ ክፍል ተገኘ፤
ቀጠሮ፣ የቀጠሮ ልጅ፣ የቀጠሮ የልጅ ልጅ።
ሰባት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ቆሞ
ውሃው ረጋ።
ቀዩ ወርዶ ከሥር እንደ አተላ ተኛ፤
ላዩ ጠርቶ፣ ሊምል እንደቆመ የሐሰት ምስክር
ንጹሕ መሰለ።

ልዑልሰገድ፣ የፋብሪካው ጠበቃ
(ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳንቲም ሲያጥረኝ የባጃጅ ይከፍልልኛል)
ሃይላንዱን አንሥቶ ከመስኮቱ ብርሃን ፊት አቆመው፦
«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይኼ ውሃ ምን ሆነ? የምንጭ አይመስልም?»
ወደ እኔም ዞረና፦ «እርስዎስ ጉድጓድ የለዎት፣ ፍየል የለዎት፣
ከዚራ ተከራይተው የሚኖሩ ሰው፣ ምን አገባዎ?»

ምን አገባህ!
ልጅ ሆኜ የሰፈር ጠብ ስገላግል የሰማሁት፣
ባለፈው መጋቢት አማቼ የደገመው።
ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ሳይል ይክሰስ የሚለውን አዋጅ
ከነቁጥሩ አነበብኩ።
መልሱን ያገኘሁት ግን ከሙሚና ነው።

ስትመሰክር «ውሃው ታሟል» ነበር ያለችው፤
አስተርጓሚው «ውሃው ተበክሏል» አለው።
ተነሥቼ ተቃወምኩ፦ እንዳለችው ይጻፍ!
የተበከለን ይለኩታል፤ የታመመን ይጠይቁታል።
እኔም ልጠይቅ መጣሁ፤
ጠያቂ ካለ ደግሞ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተጠያቂ አይጠፋም።

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም።
ሃይላንዱን ከልዑልሰገድ እጅ ተቀብዬ
ነቀነቅሁት።
አንዴ። ሁለቴ።
ቀዩ ከተኛበት ተነሣ፤
ተጠቀለለ፣ ወጣ፣ አንገቱ ጋ ደረሰ፤
ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች፤
ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳለ።
ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ፤
«ለውሳኔ፣ ለሰኔ ሃያ ሰባት።»
ሃይላንዱ ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። ዛሬ ማታ መርጋት ይጀምራል።

ውጭ የደቻቱ አሸዋ እንደ ምጣድ ግሏል።
«ምን አሉ፣ አቡካቶ?»
«ቀጠሮ።»
«ኸይር ነው» አለች፣ እኔን ልታጽናና፤
ከአዟሪ ልጅ የበረደ ሃይላንድ ገዛች፣
ለራሷ አይደለም፣ ሆዱን ላመመው የልጅ ልጇ።
ባጃጁ ሲያንገጫግጨን ጭኗ ላይ ይናጣል፤
ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ፤
ከከዚራ እስከ ሳቢያን ተናጠ፣ ተናጠ፣
አልደፈረሰም።

ይኼንንም ለክርክሩ ልጽፈው አሰብኩና
የቱ አንቀጽ ሥር እንደማስገባው ጠፋኝ።