ሳልነካው

ሳስካቱን፥ ጥር ወር፥ የምድር ቤት ኪራይ፤
መስኮቴ ጫማ ያሳያል፥ ጎማ ያሳያል፥ አያሳይም ሰማይ።
እዚያ ተቀምጬ
ባለ ሞተር በረዶ ጠራጊ አወዳድራለሁ፤
አንዱንም ሳልነካ አሥሩን አውቃለሁ።

«የዘንድሮ ምርጥ አሥር»፥ እኔ ነኝ መራጩ ለማያውቀኝ መራጭ፤
ዋጋው በሠንጠረዥ፥ ኮከቡ በረድፍ፥
ከሥሩ ቀይ ቁልፍ፥ ዓይን የሚወጋ፥ የሚያብለጨልጭ።
«ጉድለቱ፦ ድምፁ ትንሽ ይጮኻል» እላለሁ፥
እንዲያምኑኝ ብዬ ጉድለት ፈጥሬ፤
ሌላው ከፋብሪካው ወረቀት የተቀዳ ነው፥
ስሜን ከግርጌው ጨምሬ።
ጠቅ አድርጎ የገዛ፥ ከመቶው አራቱ ለእኔ፤
ደላላ ነኝ እንግዲህ፥ ሱቅ የለኝ፥ ሚዛን የለኝ፥
ገዢዬን አያውቀው ዓይኔ።

ናሁሰናይ ደወለ፥ የእህቴ ልጅ፥ ከካልጋሪ፤
«አስተምረኝ» አለ፥ «ልሁን ተባባሪ»።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፥
እንደ ሽማግሌ ቃሌን ሰበሰብሁ፦

«ስማ ልጄ፤
የምታስበውን ሳይሆን ሰው የሚጠይቀውን ጻፍ።
‹በረዶ ጠራጊ› ብቻ ብትል ትልልቆቹ ሱቆች ይውጡሃል በአንድ አፍ፤
‹ለአሮጊት ወገብ፥ ለጠባብ ደጅ፥ ለእርጥብ በረዶ› ብለህ ዘርዝር፤
የጠያቂው ቃል በረዘመ ቁጥር
እጁ ቀርቧል ወደ ኪሱ ሥር።
ፎቶህ አይክበድ፤ ገጽህ ከዘገየ
እንግዳው ይሄዳል፥ በሩን እንኳ ሳይዘጋ፥ ሌላ ደጅ እያየ።
ከታመነ ቤት ማያያዣ ለምን እንጂ አትግዛ፤
የተገዛ ምስክር ችሎት ይቆማል እንጂ
መች ያስረታል? ጉድ ነው የሚያበዛ።
ያረጀውን አድስ። የዓመቱን ቁጥር ለውጥ።
ከሁሉ በፊት ግን
ገጽህን አጽዳ።»

አልሁና፥ የስልኩ መስተዋት ጠቁሮ
የገዛ ገጼን አሳየኝ፤
ጢሜ አድጎ፥ ዓይኔ ቀልቶ። ቶሎ ደፋሁት፥ ሳይለየኝ።

በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ነበርሁ። ሦስተኛ!
ማክሰኞ ማታ፥ የት እንዳለ ከማላውቀው ሰው፥
ሃምሳ አንድ ዶላር ገባ፥ ከዘጠና ስድስት ሳንቲም፤
የስልክ ከፈልሁበት፤ እንቅልፌም ጣመኝ፥ ያለ ሕልም።

ቅዳሜ ንጋት፥ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤
ትንፋሽ ከአፍ ሳይርቅ የሚረጋበት።
ከመንገዱ ማዶ ሚስስ ፔትሪሺን፥ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ባልቴት፥
ገመድ ትጎትታለች፤
ያስላል፥ ያጉረመርማል፥ ዝም ይላል፤
አዲስ፥ ቀይ፥ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተላጠለት፤
የእኔ አንደኛ።

«ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው አመስግኖት ነው» አለችኝ፥
«‹ለአሮጊት ወገብ› ብሎ፥ ልክ እኔን እንዳየኝ።»

ቃሌ ከአፏ በእንፋሎት ወጥቶ ፊቴ ላይ በረደ።
ምን ልበል?
አካፋዬን አመጣሁ።
እሷ ባትሪ ይዛ፥ እኔ ጎንብሼ፥
እስከ ጋራዡ በር ሁለት ሰዓት ዛቅሁ፤
ወገብ ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

«ጥሩ አካፋ ነው» አለች፥ «ከየት ገዛኸው?»
በሦስት ዶላር ነው፥ ሰው ቤት ሲለቅ፥ እጀታው በሽቦ የታሰረ፤
በዕድሜዬ ሞክሬ ያመሰገንሁት አንድ ዕቃ፥
እሱም ኮሚሽን አልነበረ።

ማታ ገጹን ከፈትሁ። አንደኛውን አወረድሁ፤
«በዚህ ብርድ አይነሣም» ብዬ ጻፍሁ፥
«ገመዱን አሥራ ሰባት ጊዜ ስበናል፤
ወገቡን የሚያመው ጎረቤት ይጥራ፤ ይሻላል።»
ቀዩን ቁልፍ ነቀልሁ።

ዛሬ አሥራ አራተኛ ነኝ፤ ሁለተኛው ገጽ፥ እግር የማይረግጠው።
ሚስስ ፔትሪሺን ማሽኑን መለሰች፤ ሃምሳ አንዱም ዶላር
እንደ ገባ ወጣ፥ ሒሳቤን ቀንሶ።
ናሁሰናይ ደወለ፦
«አጎቴ፥ ምን ነካህ?»
«ምንም» አልሁት፥
«እኔ ነኝ የነካሁት።»